ቋጣሪና ቆጣሪ

ቁጠባ መማር የሚፈልግ ሰው ሰባ ደረጃን ወጥቶ እኛ ግቢ ብቅ ይበል። አከራያችን ጋሼ በነፃ ያስተምሩታል። ጋሼ ያለው ሳያልቅ አዲስ አይገዙም። አልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል አለ። ዱሮ፣ ሲረክስ ጊዜ የገዙት ነው። እሱ ሳያልቅ ኤልኢዲ የሚባል ቆጣቢ አምፖል ደጃቸውን አይረግጥም።

አንዴ ደፈር ብዬ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «ዘጠኝ ዋት? ልጄ፣ ይሄ እኮ ለጉንዳን ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዋት የሚበላውን ነው የሚናገር፣ ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው፣ ሁለቱም አምፖሎች የሚሰጡት 800 ሉመን ገደማ ነው ብሎ መከራከር ትልቅ ሰው መዳፈር ነው። በአገራችን ብዙ የሚበላ ይከበራል። አምፖል ለምን ይለያል?

ደግሞ ቢጫው አምፖል ባለብዙ ሙያ ነው። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነውን ሙቀት ያደርገዋል። በነሐሴ ብርድ ይሄ ቀላል ውለታ ነው? የእትዬ ጫጩቶች ያደጉት ከሥሩ ነው። የኔም ካልሲ የሚደርቀው እዚያው ነው። ብርሃኑ ምርቃት ነው።

ትልቁ ጥበብ ግን ማጥፊያውን አለመንካት ነው። የግቢው በር መብራት ቀንም ሌትም ይበራል። ፀሐይ ብቻዋን እንዳትደክም እናግዛታለን። መብራት ሲሄድ ብቻ ያርፋል። ያኔ ጨለማ ውስጥ ሁላችንም ማብሪያ ስንጫን እናመሽና፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጣ ግቢው በሙሉ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ ይላል። ለማጥፋት የሚነሳ የለም። ቆጣሪው አንድ፣ ቤቱ ስድስት ነዋ! ሂሳቡ እኩል ይካፈላል። ከብርድ ልብስ ወጥቶ የሚያጠፋ ሞኝ ስድስት ብር ቢያድን አምስቱ የጎረቤት ነው።

የበሩ አምፖል ብቻውን በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ በደረጃ ነው፤ ርካሹ እስከ 50 ያለው ነው። ርካሹን ደረጃ እሱ ይዞት፣ እኛን ወደ ውዱ ይገፋናል። እንግዳ ማስቀደም ይሏል ይሄ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ የቀሩት 15 ናቸው፤ ተደብቄ ቆጥሬያለሁ። አንዱ 1,000 ሰዓት ያህል ይኖራል። አንድ ደህና ኤልኢዲ 15ቱንም ቀብሮ፣ ሰልስት አውጥቶ ሊኖር ይችላል። በዚያ ሁሉ ዕድሜው 135 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚበላው፤ 15ቱ ግን 900። ጋሼ አልጋ ሥር ይቋጥራሉ፣ ቆጣሪው በር ላይ ይፈታል።

ባለፈው ሳምንት የበሩ አምፖል ተቃጠለ። ደስታዬን ደብቄ ኤልኢዲዬን ይዤ ሮጥኩ። ጋሼ ወንበር ላይ ወጥተው ነቀሉት። ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ አደረጉት። ቅጭል ቅጭል አለ።

«ገና ነው፤ ክሩ ይያያዛል።»

ዘንበል፣ ቀና፣ ደግሞ ዘንበል። መልሰው አሰሩት። በራ! ክሩ አጥሮ ስለተያያዘ ከቀድሞው ይብስ ያበራል፣ ይብስም ይበላል።

«ይኸው!» አሉ ከወንበሩ ሳይወርዱ። «ያንተ ዘጠኝ ዋት እንዲህ ያደርጋል?»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር።