«አብቃቁት» የሚባል ልክ የለም

ስልክ ይደወላል። «መሃሉ ፋይበር የሚገባበት ድርብ አልጋ ልብስ ላሰፋ ነው፣ ስንት ሜትር ልግዛ?» የአልጋው ስፋት አልተነገረ፣ የፍራሹ ውፍረት አልተነገረ፣ የጨርቁ ወርድ አልተነገረ። መልሱ ግን አሁኑኑ ይፈለጋል፤ ደዋይዋ ሱቅ ውስጥ ቆማለቻ! ባለሱቁም ከጎን «እህቴ አምስት ሜትር ይበቃሻል፣ ሁሉም ይህንኑ ነው የሚወስደው» እያለ ጣቃውን መዘርጋት ጀምሯል። ከዚያ ያ አምስት ሜትር እኛ ልብስ ሰፊዎች ቤት ይደርስና አንዲት ቃል ትከተለዋለች፦ «አብቃቁት»።

በምን እናብቃቃው? ጨርቅ ላስቲክ ነው እንዴ?

እስቲ አንድ ጊዜ በደንብ እንነጋገር። «አምስት ሜትር» ብቻውን ልክ አይደለም፣ ግማሽ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ወርዱ ነው። ባለ 1.15፣ ባለ 1.50፣ ባለ 2.80 ጨርቅ አለ፤ ሦስቱም «አምስት ሜትር» ሲባሉ አንድ ይመስላሉ። ደግሞም 1.50 የተባለው ጨርቅ 1.50 አይሰጥም። ጠንካራው ጠርዝ በሁለቱም በኩል ተቆርጦ ሲወጣ ለሥራ የሚተርፈው 1.46 ገደማ ነው።

አልጋው 1.50 በ1.90 ነው እንበል፣ ፍራሹም 20 ሴንቲ። በጎን ፍራሹን ሸፍኖ 20 ሴንቲ ይውረድ ካላችሁ በእያንዳንዱ ጎን 40 ይጨመራል፤ ወርዱ 2.30 ሆነ ማለት ነው። በእግር በኩል 40፣ ትራስ ሥር ለሚገባው 20 ሲጨመር ቁመቱ 2.50። አለቀ? አላለቀም! ላዩ፣ መሃሉ ያለው ፋይበርና ገበሩ አንድ ላይ በስፌት ሲጠቀጠቁ ጨርቁ ይሰበሰባል። ስፌቱ በተጠጋጋ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ላዩ የሚቆረጠው 2.40 በ2.60 ተደርጎ ነው። ይህችን 10 ሴንቲ «ሰፊው ለራሱ የጨመራት» የሚሏት አሉ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

2.40 ከ1.46 አይወጣም፣ ስለዚህ ሁለት ቁመት ያስፈልጋል፦ 5.20 ሜትር። በባለ 1.15 ከሆነ ሁለቱ ወርድ ተጋጥሞም 2.20 ገደማ ብቻ ነው፤ ሦስት ቁመት፣ 7.80 ሜትር ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው የባለሱቁ «አምስት ሜትር» ገደል የሚገባው።

ሁለቱን ቁመት መሃል ለመሃል ገጥሞ አልጋው ላይ መስመር ማስመር የሰነፍ ሥራ ነው። አንዱ ሙሉውን መሃል ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ተሰንጥቆ በግራና በቀኝ 49፣ 49 ሴንቲ ይቀጠላል። የሚተርፈው 48 ሴንቲ ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ ነው። «ከሱ የትራስ ልብስ ይውጣልኝ» ይባላል። ትራሱ 50 በ70 ነው! ከ48 ላይ 50 እንዴት ይወጣል? ሁለት የትራስ ልብስ ጎን ለጎን ለመቁረጥ 1.70 ሜትር ለብቻው መግዛት ነው።

አበባ ያለው ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አበባው በየ64 ሴንቲ የሚደገም ቢሆን፣ ሁለተኛው ቁመት ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥም እስከሚቀጥለው ድግግሞሽ 60 ሴንቲ ይጣላል፤ 5.20 የነበረው 5.80 ይሆናል። አበባው እንዲገጥም ይፈልጋሉ፣ 60 ሴንቲውን ግን አይፈልጉም።

ዳርና ዳሩን ለሚዞረው ጠርዝ፣ ያለቀው አልጋ ልብስ ዙሪያ 9.60 ሜትር ነው። ለማዕዘኑና ለመገጣጠሚያው ጨምሮ 10 ሜትር ገደማ፤ በጨርቁ ወርድ ልክ 6 ሴንቲ ስፋት ያለው ቅዳጅ 7 ቢቆረጥ ለጥቂት ይደርሳል፣ 8 ቢሆን ያስተማምናል። ግማሽ ሜትር ግዙ።

ገበሩ ላይ ግን መቆጠብ ይቻላል፣ ይህን የሚጠይቀን የለም እንጂ። ገበር በየጎኑ 5 ሴንቲ ተርፎ 2.50 በ2.70 ይሁን። በቁመት ከቆረጣችሁት 5.40 ሜትር ይበላል፤ አግድም ካዞራችሁት 5 ሜትር ይበቃል። ለገበር ማን ያየዋል! ላዩን ግን እንዲህ አታድርጉት፣ አበባው ይተኛል።

አቡጀዲ ከሆነ ሳይታጠብ አይነካም። 50 ሴንቲ አስምራችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት፣ ለኩት። 48 ከሆነ በመቶ 4 ገብቷል። ስለዚህ 5.20 + 1.70 + 0.50 = 7.40 የነበረው 7.80፣ ገበሩም 5.30 ይሁን። አዎ፣ 7.80። ባለሱቁ አምስት ብሎ ነበር አይደል?

ከሳምንት በኋላ «የጎደለውን ልግዛ» ብሎ መሄድም አይሠራም። ጣቃው አልቋል፤ አዲሱ ጣቃ «ያው ነው» ቢባልም ቀለሙ ፀሐይ ላይ ይለያል።

አሁን «ሰፊው ለራሱ» ወደተባለው፣ ወደ ሌብነቱ። ከቁርጥራጭ የሚገጣጠመውን ሥራ የሚያሰፉ ሰዎች ሒሳብ እንዲህ ነው፦ 2.40 በ2.60 ማለት 6.24 ካሬ ሜትር፣ ለ1.46 ሲካፈል 4.27፣ ስለዚህ 4 ሜትር ከ30 ይበቃል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ስፌት ባይኖር። 20 ሴንቲ ሆኖ የሚታየው ካሬ በየጎኑ 1 ሴንቲ ለስፌት ይዞ 22 ሆኖ ይቆረጣል። 12 በ13፣ 156 ካሬ ነው። ከወርዱ 6 ብቻ ይወጣል (14 ሴንቲ ጎን ላይ ትቀራለች)፣ 26 ረድፍ ሲባዛ በ22 ሴንቲ፣ 5.72 ሜትር። ካሬውን ወደ 10 ሴንቲ ካሳነሳችሁት 624 ካሬ፣ 6.24 ሜትር። ካሬው ሲያንስ ጨርቁ ይበዛል፤ «ትንንሽ ስለሆነ ቁርጥራጭ ይበቃዋል» የሚባለው ተረት ነው።

እና በ4.27 እና በ5.72 መካከል ያለው 1.45 ሜትር የት ገባ? 55 ሴንቲው ያቺ በየረድፉ የቀረችው 14 ሴንቲ ናት፤ በፌስታል ጠቅልለን ሰጥተናችኋል። 90 ሴንቲው እዚያው አልጋችሁ ላይ ነው፣ ስፌቱ ውስጥ። ካላመናችሁ ተርትሩትና ለኩት።