«እማማ» ተባልኩ

ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ በሉ!» አለኝ። ገና 52 ዓመቴ እኮ ነው! ቀና ብዬ ሳየው ደግሞ የራሱም ጢም ሸብቷል፤ እሱ ማን ሊባል ነው?

ጉልበቴ ግን ለእሱ መሰከረለት። ድሮ ስቅለት ቀኑን ሙሉ የምሰግደው ሴትዮ፣ ዘንድሮ 30 ሳልሞላ አጥር ተደግፌ ቀረሁ። የሁዳዴን 55 ቀንማ «መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ» ብለው ሐኪሙ ቀድመው አበላሽተውብኛል።

ከሁሉ የሚያበግነኝ እድሩ ነው። በየወሩ እከፍላለሁ፣ በየልቅሶው ያንን ጆሮው የወለቀ ትልቅ ብረት ድስት እፈትጋለሁ። ባለፈው እሑድ እየፈተግኩ «የእኔ ለታ ማን ይሆን የሚያጥበው?» ብዬ አሰብኩ። ልጆቼ እንደሆኑ አንድ ሲኒ እንኳ አያነሱም። አምላኬ ይቅር በለኝ፣ ከነፍሴ ይልቅ ያሳሰበኝ ድስቱ ነው።