ስለ አብዱስ ሰላም የኖቤል ሽልማት የተሰጠ ማስተካከያ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኘው ለገጣፎ ለተማሪዎች በታደለው የሳይንስ በራሪ ጽሑፍ ላይ፣ ፓኪስታናዊው የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ደብሊውና ዚ የተባሉትን ቅንጣቶች በቤተ ሙከራ በማግኘታቸው እንደሆነ ተገልጿል። ይህ ትክክል አይደለም። ሽልማቱን ከሼልደን ግላሾውና ከስቲቨን ዋይንበርግ ጋር የተጋሩት፣ ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይልና በአቶም እምብርት ውስጥ አንዳንድ የጨረራ ዓይነቶችን የሚያስከትለውን ደካማ ኃይል በአንድነት ያስተሳሰረውን ንድፈ ሐሳብ በማበርከታቸው ነው፤ ደካማውን ኃይል የሚያስተላልፉት ደብሊውና ዚ ቅንጣቶች በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሴርን የተገኙት ከአራት ዓመት በኋላ በ1983 ሲሆን፣ ለዚህም ካርሎ ሩቢያና ሲሞን ቫን ደር ሜር በ1984 ተሸልመዋል። ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ቅንጣቶቹ ከመታየታቸው በፊት መኖራቸውን በስሌት አስቀድሞ መናገሩ የዚህ ሥራ ትልቁ ክብር ነውና። አብዱስ ሰላም በ1964 በጣሊያን ትሪየስቴ ከተማ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከልም በተለይ የታዳጊ አገሮችን ተመራማሪዎች ለማገዝ የተቋቋመ እንደሆነ ይታወቅ።