የ«ምንም አይልም» ሊቃውንት

ጎጃም ሊቅ አጥቶ አያውቅም። የቅኔው፣ የድጓው፣ የአቋቋሙ ጉባኤ እንዳለ ሆኖ፣ አሁን አሁን ባሕር ዳር የጀልባ መነሻው ላይም አንድ ጉባኤ ተተክሏል። የዚህኛው መምህራን መጽሐፍ አይገልጡም፣ ስልካቸው ላይ ያለውን የአየር ትንበያ አያዩም፣ አብዛኞቹ ዋናም አይችሉ። ጣና ዳር ቆመው ለአፍታ ወደ ሰማይ ያንጋጥጡና ብይን ይሰጣሉ፦ «ምንም አይልም!»

ባለፈው እሑድ ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር ወደ ዘጌ የመሄድ ዕድል ገጠመኝ። ባለጀልባው፣ ፂማቸው የሸበተ አያ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ እንድንገኝ አደራ ብለውን ነበር። እኛ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ነፋሱን ጥለነው መሄድ ነውር መስሎን ሳይሆን አይቀርም።

ከዘጌ እንጨት ጭነው የመጡት ባለታንኳዎች ያን ጊዜ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ደንገሉ የጠጣውን ውኃ እንዲያንጠፈጥፍ ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ ሊቃችን አያቸውና ከንፈሩን መጠጠ፦ «ምስኪኖች፣ በዚህ ሰዓት ሥራ ፈተው!»

አያ ፈራ ተባ እያሉ «ወንድም ዓለም፣ ከሰዓት ነፋስ አለ፣ ስንመለስ ያስቸግረናል» አሉ። አርባ ዓመት ውኃ ላይ የኖረ ሰው እንዲህ ሲደፍር ዝም አይባልም፤ ወዲያው ትምህርት ተሰጣቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውኃው እንደ መስተዋት ተኝቷል፣ ደግሞስ ጣና ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ይህ የመጨረሻው በጣም አጽናናኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ የቀረው 13 ሜትር ገደማ እንግዲህ ለኔ ትርፍ ነው።

የሁሉም አውራ ግን የምፅዋን ባሕር መሙላትና መሸሽ የሚያሳይ ነገር ስልኩ ላይ የጫነው ነበር። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ሁለት ጊዜ ያህል እንደሚሞላ፣ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እየዘገየ እንደሚሄድ አስረዳን። እውነቱን ነው፤ ምፅዋ ላይ። ከዚያ ወደ አያ ዞሮ «ለመሆኑ ጣና ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሞላው?» አለ።

«መስከረም ላይ» አሉ አያ፣ ገመዱን እየፈቱ።

ጣና ጨረቃ ብታፈጥበትም ለዓይን የሚታይ ለውጥ የለውም። የሚሞላው በክረምቱ ዝናብ፣ በዓመት አንዴ ነው። ግንቦት ላይ ወርዶ ወርዶ ድንጋዩ ያገጣል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። የሚያስፈራው ግን መሙላቱ አይደለም። ረፋዱን ፀሐይ የብሱን ቶሎ ታሞቀዋለች፣ ውኃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ የየብሱ አየር ሞቆ ሲነሣ ያንን ቦታ ሊሞላ የሐይቁ አየር ይገሰግሳል። ባሕር ዳር ደግሞ በደቡቡ ጫፍ ናትና ከሰሜን የተነሣ ነፋስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚገታው ሳያገኝ ይመጣል። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ አንዱ ሳይበርድ ሌላው ይደርሳል። ያ የሚያጽናናው 15 ሜትር እንግዲህ ይኸን ያመጣል።

ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፣ ሥዕሉን አየን፣ ቡና ተፈላልን፣ ሦስተኛውንም አልተውን። አያ ሁለቴ መጥተው በሰሜን፣ ወደ ጎርጎራ በኩል ውኃው ሲጠቁር አሳዩን። «የደመና ጥላ ነው» ተባሉ። በሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም፤ ይሁን፣ ሊቅ አይጠየቅም።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ስንሄድ ሊቃውንቱ ላይፍ ጃኬቱን ለፎቶ ለብሰው፣ ከፎቶው በኋላ አጥፈው ተቀምጠውበት ነበር፤ ለወንበር ትራስነት እንዲህ የሚመች ዕቃ አላየሁም። ስንመለስ ትራሱ ከየሥራቸው ተመንትፎ ወጣ፣ ማሰሪያው ግን ከየት ወዴት እንደሚገባ የሚያውቅ ጠፋ። ባለምፅዋው የጃኬቱን ማሰሪያ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ክብራን ገብርኤልን እየተጣራ ጥላ፣ ድፎ፣ አንድ ወይፈንም ተሳለ። አያ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙረው ቀስ፣ ቀስ።

የብስ ስንረግጥ አውራው ሱሪውን እየጨመቀ «ምንም አይልም ብያችሁ አልነበር?» አለ። ከመካከላችን ቅኔ ቤት ጥቂት የከረመ ልጅ ነበር፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ኅብረ ቃሉን ፈታልን፦ ሰሙ፣ ችግር የለም ማለት ነው፤ ወርቁ፣ ሐይቁ አፍ የለውም፣ ሊገለብጥ ሲል ምንም አይልም።

ሁሉም አጨበጨበ። ለሚመጣው እሑድ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተቀጣጥረናል፣ በጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከምሳ በኋላ እንነሣለን።