ሌክቸሩ ከተቀዳ መምህሩ ክፍል ገብቶ ምን ይሥራ?

ሌክቸር መቅዳት አሁን ብርቅ አይደለም። ስልክና ማይክ ያለው መምህር ሁሉ ይቀዳል። ተማሪውም በተመቸው ሰዓት ከፍቶ ያያል፤ ያልገባውን ይደግማል፣ የሰለቸውን ያሳልፋል። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው። ጣጣው የሚመጣው መምህሩ በማግስቱ ክፍል ገብቶ ያንኑ ሌክቸር በአካል ሲደግመው ነው። ተማሪ ሞኝ አይደለም። አንዱን ይመርጣል። ወንበሩ ባዶ ሲሆን «ቪዲዮው ተማሪ አስቀረብን» ይባላል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ክፍሉ ከቪዲዮው የተለየ ምንም አልነበረውም።

በሐርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ደንግጦ ነበር። ተማሪዎቹ ይወዱታል፤ ከባድ ከባዱን ስሌትም ይሠራሉ። ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ቀለል ያለ የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ ተሳሳቱ። ቀመሩን ሸምድደዋል፣ ነገሩ ግን አልገባቸውም። ከዚያ በኋላ አሠራሩን ለወጠ። ጥያቄ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ለብቻው መልስ ይመርጣል። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ለማሳመን ይከራከራል፤ ከዚያም ድጋሚ ይመርጣል። በሁለተኛው ዙር ትክክል የሚመልሰው ይበዛል። አይገርምም። ትናንት የገባው ልጅ ጓደኛው የቱ ጋ እንደተደናቀፈ ያውቃል፤ ከ20 ዓመት በፊት የገባው ፕሮፌሰር ግን ረስቶታል።

ይህ የአንድ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም። በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ትምህርት የተደረጉ 225 ጥናቶች በ2014 አንድ ላይ ሲታዩ፣ በተለመደው ሌክቸር ከሚማሩት 34 በመቶ ገደማ ሲወድቁ በአሳታፊው መንገድ ከሚማሩት የወደቁት 22 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ታዲያ ተማሪው እንዲህ ባለው ክፍል ለምን ያጉረመርማል? በ2019 እዚያው ሐርቫርድ የወጣ ጥናት ነገሩን አጋልጦታል። እየታገሉ የተማሩት በፈተናው የተሻለ አመጡ፤ «ምን ያህል ተማራችሁ?» ሲባሉ ግን ጥሩ ሌክቸር ካዳመጡት ያነሰ ነው አሉ። አንደበተ ርቱዕ መምህር «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል። ቪዲዮ ደግሞ ይብሳል። እኔ ራሴ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ 40 ደቂቃ ሙሉ አንገቴን እየነቀነቅሁ አይቼ፣ መልመጃው ላይ የመጀመሪያውን መስመር መጻፍ አቅቶኝ ያውቃል።

ስለዚህ ቪዲዮው አጭር ይሁን። ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን መድረክ ላይ በተደረገ ጥናት የቪዲዮው ርዝመት ምንም ያህል ቢሆን ተመልካቹ በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ አይቆይም። የ50 ደቂቃ ሌክቸር እንዳለ መጫን ለመዝገብ ቤት ካልሆነ አይጠቅምም። በሐሳብ በሐሳቡ ይቆረጥ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ጥያቄ ይግባ። መልሱ ማታውኑ ለመምህሩ ከደረሰ፣ ጠዋት ክፍሉ ከተደናቀፉበት ቦታ ይጀምራል።

«ሳያዩ የሚመጡትስ?» ይባላል። ይመጣሉ፣ መቼም። ለእነሱ ሲባል ከሀ ጀምሮ የሚያስረዳ መምህር ግን በሚቀጥለው ሳምንት አንድም ያየ ተማሪ አያገኝም። ያዩትን መቅጣት ነው። የተማሪውንም ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የክፍሉ ሰዓት ሳይቀነስ ቪዲዮ ከተጨመረ ያው ጭነት ነው።

የተማሪው ብዛት ብዙም አያሳስበኝም። 200 ሰው ባለበት አዳራሽም መልስን በጣት ቁጥር ማሳየት ይቻላል። የሚያሳስበኝ የመምህሩ ሰዓት ነው። ግማሹ የሚስተው፣ ግን ተከራክሮ የሚደርስበት ጥያቄ ማውጣት ስላይድ ከማዘጋጀት ብዙ ይበልጣል። ካሜራ ለመግዛት በጀት አይጠፋም። ያንን ጥያቄ ለማውጣት የሚፈጀው ሰዓት ግን በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ሲቆጠር አላየሁም።