ሮቶ ነው እንዴ?

እጄን እያከክሁ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት ይለፈኝ። ጣቴ ላይ ሬዚን፣ ያ የፋይበር ሙጫ፣ ደርቋል፣ ስልኩ ራሱ ሰው ነክቶኛል አይልም።

ዛሬ ለአሮጌ ዲኤክስ ኮሮላው ስፒከር የሚገባበት የበር ፓኔል ያሠራኝ ሰውዬ መጣላችሁ። አዎ፣ ያው። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ቅዳሜ ትደርሳለች አይደል?" እያለ የደወለው። ብቻውን አልመጣም፣ መካሪ አስከትሏል። የአዲስ አበባ ሰው ከጋራዥ እቃ ብቻውን አይረከብም። ሁልጊዜ ጎኑ አንድ ምንም ሠርቶ የማያውቅ ግን ሁሉን የሚያውቅ ጓደኛ አለ።

መካሪው ሰላም እንኳን ሳይለኝ የበሩን ፓኔል አነሳና በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው። ከዚያ ጆሮውን አስጠጋ። ጆሮውን!

"ሮቶ ነው እንዴ?"

"ምን?"

"ከሮቶ ቆርጠህ ነው የሠራኸው? ድምፁ የውሃ ታንከር ነዋ።"

ፋይበር ነው፣ የመስታወት ክር በሬዚን፣ አልኩት። ሳቀ።

"ያው ፕላስቲክ ነው በለኛ።"

ባለመኪናው ደግሞ ቀስ ብሎ፣ በዚያ በሚያናድድ ትሕትናው፣ "ወንድሜ፣ እንደሱ ከሆነ 18 ሺህ አልበዛም?" አለኝ። ዋጋውን የተስማማነው በግንቦት ነው። በግንቦት ጆሮው የት ነበር?

ያው ፕላስቲክ። እሺ። መጀመሪያ ለስፒከሩ ኤምዲኤፍ (ያ የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) በክብ ቆረጥኩ። ከሰልባጅ የገዛሁትን የፍሊስ ጃኬት (ቆንጆ ጃኬት ነበር፣ ብለብሰው ይሻለኝ ነበር) ቀድጄ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጠርኩት። ሬዚን አጠጣሁት። ሲደርቅ ከጀርባው የመስታወት ክር ምንጣፉን በሬዚን ሦስት ድርብ ለጥፌ፣ በየድርቡ አየሩን በብሩሽ እየደበደብኩ አስወጣሁ። አየር ከቀረበት ኋላ ይላቀቃላ። ይሄ ሁሉ ግን ሁለት ቀን ነው። የቀረው ሁለት ሳምንት ተኩል ምን ነበር? ፍተጋ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ በ120፣ እንደገና ስቱኮ፣ 180፣ 240፣ 320። በእጅህ ስትዳብሰው የሕፃን ጉንጭ ነው። ቀለም ሲያርፍበት ያላየኸው ጉድጓድ ሁሉ ጥርሱን ያሳይሃል። ተመለስ ወደ 120።

ለፍተጋ የሚከፍል ሰው ደግሞ አልተፈጠረም። ካማረ "ፋብሪካ የወጣ ፕላስቲክ ይመስላል" ይሉሃል። ካላማረ "ፋይበር መሆኑ ያስታውቃል።" በየት በኩል ልኑር?

ክረምቱን ደግሞ አታንሱብኝ። ሬዚን ሙቀት ይወዳል፣ 20 ዲግሪ አካባቢ። እኛ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ተሰቅለን፣ በሐምሌ፣ ከቆርቆሮ ሥር ነው የምንሠራው። በማግስቱ ስነካው እንደ ማር ይጣበቃል። የአክስቴ ልጅ "ሃርድነር ጨምርበት፣ ምን ያስፈራሃል" አለኝ፣ ማድረቂያውን ማለቱ ነው። የሚጨመረው ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። እሱ በሃይላንዱ ክዳን እየቀዳ እንደ አረቄ ጨለጠበት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጣሳው ይጨሳል። ፓኔሉ ከመሐል ተሰንጥቋል። ልጁ የለም። እስካሁን የለም፣ ለመስቀል እንኳን አልመጣም።

ስፕሬይ ስነፋ መብራት የሄደብኝን ልተወው። ኮምፕረሰሩ "ፍስስ" ብሎ ሲሞት፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ግራጫ፣ የሜዳ አህያ መስሎ ቀረ። ልተወው አልኩ። የሚያሳክከውን የፍተጋ ብናኝም። ልብሴን እማዬ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አታጥበውም። አንዴ አጥባው አባዬ ቅዳሴ ላይ ሲያክ አርፍዷል።

ደግሞ እኮ አሮጌ መኪና ናት ብለው አይንቋትም። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን ነው የሚያሽሞነሙናት። ለዲኤክሷ አዲስ ጎማ አለ፣ አዲስ የወንበር ልብስ አለ። እኔ ጋ ሲደረስ ግን ሮቶ!

ብቻ ወደ ዛሬው ልመለስ። እዚያው ግቢ ውስጥ እየተከራከርን እማዬ ብቅ አለች። አሁን ለልጇ ትቆማለች ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

"ልጆቼ፣ ቆማችሁ አትነጋገሩ፣ ቡና ፈልቷል ግቡ።"

ገቡ! መካሪው ሁለተኛውን ጠጥቶ፣ ሦስተኛውን እየጠበቀ፣ ቆሎ እየቃመ ፓኔሉን አሳያት። "እማማ፣ እስቲ ይዩት፣ ሮቶ አይመስልም?" እማዬ በአንድ እጇ ጀበና እንደያዘች በሌላው ኳ ኳ አደረገችው።

"ውይ፣ እውነትህን ነው።"

ዘጠኝ ወር ተሸክማኛለች እኮ።

በ14 ሺህ ወሰደው። ተከራክሬ ሳይሆን ደክሞኝ። መካሪው ሲወጣ "በርታ፣ እጅህ መጥፎ አይደለም" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። በነጭ ብናኝ የተሸፈነውን ትከሻ ነው የመታው። ሌሊቱን ሲያክ ይደር።

ይሄን እየጻፍኩ ባለመኪናው ደወለ። አላነሳሁም። መልእክት ላከ። "ወንድሜ፣ የመስኮቱ ማንሻ ፓኔሉን እየነካ አልዞር አለ። ጠዋት ይዘነው እንመጣለን።"

ይዘነው። ሁለቱም ማለት ነው።

ማንሻውን ሳልገጥም ነው የለካሁት፣ አሁን ትዝ አለኝ። እማዬ ቡና እየለቀመች ነው።