ማይክ ይዞ መጸለይ

ስብሰባ ላይ ማንም የማያቋርጠው ንግግር አንድ ብቻ ነው። የመክፈቻ ጸሎት። ሪፖርት ሲቀርብ «ሥነ ሥርዓት!» ብሎ እጅ ማውጣት ይቻላል። በጀት ላይ መጨቃጨቅ ይቻላል። «አባታችን ሆይ» ከተባለ በኋላ ግን ማን ወንድ ነው እጁን የሚያወጣው? ብልጥ ባለሥልጣን ይህን ያውቃል። ስለዚህ አጀንዳውን ጸሎቱ ውስጥ ይከታል። «ጌታ ሆይ፣ ይህን የመንገድ ፕሮጀክት ለሚያደናቅፉ ወንድሞቻችን ልቦና ስጣቸው።» ወንድሞች የተባሉት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ምን ይበሉ? «አሜን» ይላሉ። በራሳቸው ላይ።

ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ጸሎት ለፈጣሪ መረጃ ያበዛል። የክብር እንግዶቹ ማዕረግ ይዘረዘራል። የሩብ ዓመቱ አፈጻጸም ይነሳል። ሁሉን አዋቂ ነህ እያልን ሪፖርት እናቀርብለታለን። ካሜራ ካለ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ካሜራው ከጠፋ ጸሎቱም ቶሎ ያልቃል።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሰው እንዲያያቸው ቆመው መጸለይ የሚወዱትን ግብዞች ይላቸዋል። አንተ ግን እልፍኝህ ገብተህ በርህን ዝጋ ይላል። እኛ በሩን መዝጋቱን ብቻ ወስደናል። እሱም አርፋጅ እንዳይገባ ነው።

በዚህ ነገር እንግሊዞችን የሚያህል የለም። የታችኛው ምክር ቤታቸው አባላት 650 ናቸው። ወንበሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስብሰባው በየቀኑ በጸሎት ይከፈታል፤ አባላቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። ጸሎት ላይ የተገኘ አባል ስሙን የጻፈበትን ካርድ ወንበሩ ላይ ያደርጋል። ወንበሩ ለዕለቱ የሱ ሆነ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ሰው ለሰማይ ቤት ይጸልያል፤ እዚያ ግን ለፊት ረድፍም ይጸለያል። ክርክሩ የሚሞቅበት ቀን ሲሆን መንፈሳዊነቱም አብሮ የሚሞቅ ይመስለኛል። ልባቸውን አይቼ ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ጭቅጭቁ ከረረ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ተነስተው ስብሰባችን በየጠዋቱ በጸሎት ይከፈት አሉ። ሂዩ ዊሊያምሰን የተባሉ ተወካይ እስካሁን ያልጸለይነው ለቄስ የምንከፍለው ገንዘብ ስለሌለን ነው ብለው መለሱ። እኔ እኚህን ሰውዬ ወድጃቸዋለሁ። ቢያንስ ምክንያታቸውን አልሸፋፈኑም። ሐሳቡ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ፍራንክሊን ራሳቸው ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች በቀር ጉባኤው ጸሎት አያስፈልግም ብሎ ነበር ሲሉ ማስታወሻ ጽፈዋል። ዛሬ ንግግራቸውን የሚጠቅስ ሞልቷል፤ ማስታወሻውን ግን ጮክ ብሎ የሚያነብ እምብዛም ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ በጸሎት ቢከፈት ችግር የለውም አለ፤ 5 ለ 4። የካናዳው እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ለሃይማኖት ገለልተኛ መሆን አለበት ብሎ በአንድ ድምፅ ከለከለ። ሁለቱም መለኪያ ያላወጡለት ነገር ግን አለ። ያ ሰውዬ ሲጸልይ ከልቡ ነው ወይስ ከአንገት በላይ?

ከልቡ የሚጸልይ አለ፤ አይካድም። እሱ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ማይኩንም ቶሎ ይመልሳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ መላ ዘይዷል። መክፈቻና መዝጊያው ላይ ለጸሎት ወይም ለተመስጦ አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል። የፈለገ ይጸልያል፤ የፈለገ ምሳውን ያስባል። በዝምታ ደግሞ ማንንም መንካት አይቻልም።

እኔ ብጠየቅ ጸሎቱን ከመክፈቻ አንስቼ ወደ መጨረሻው እወስደዋለሁ። ከ«ልዩ ልዩ» በኋላ። በጀቱ ከተከፋፈለ፣ ሪፖርቱ ከተቀባባ፣ ዘመድ ከተሾመ በኋላ። ያኔ እያንዳንዱ ስለ ምን ይቅርታ እንደሚለምን አይጠፋውም። ሰብሳቢው ግን ሰዓት ስላለቀ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር የሚል ይመስለኛል።